የጎርጎራዋ ጀልባና ናሷ፦ የትኛውን ወለወልን፣ የትኛውን ተውን

ጥቅምት፣ ጀልባዋ እንደገባች

ጀልባዋ አዘዞ ካለው ሥራ ቤታችን ገብታለች። ከጎርጎራ ተነስታ፣ በጭዋሂትና በቆላ ድባ አድርጋ፣ በአይሱዙ ተጭና ነው የመጣችው። ርዝመቷ ስድስት ሜትር ይጠጋል። ሳንቃዋ ዋንዛ ነው፤ የጎድን እንጨቶቿ ወይራ ናቸው። ከጣና ከወጣች ብዙ ክረምት አልፏታል። ባለቤቷ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከከብቶቹ በረት ጎን ተቀምጣ ነው የቆየችው። ሳንቃው ደርቆ ክፍተት አውጥቷል እንጂ አብዛኛው ጤነኛ ነው። የእንጨቱ ሥራ የለመድነው ስለሆነ እዚህ አላበዛውም፤ የበሰበሰው ይወጣል፣ በዋንዛ ይተካል፣ ክፍተቱ በጥጥ ይጠቀጠቃል። ማስታወሻ ልይዝለት የፈለግሁት ናሱን ነው።

ናሷ ብዙ ነው። የገመድ ማሰሪያዎች አሏት፤ መቅዘፊያ የሚያርፍባቸው ሹካዎች፣ የዕቃ ሳጥኑ ማጠፊያዎችና እጀታ፣ አፍንጫዋ ላይ ከላይ እስከ ታች የተለበጠ ረጅም የናስ ቅጠል፣ መሪዋ የተንጠለጠለባቸው ቀለበቶች፣ አንዲት ትንሽ ደወል። ሁሉም ጠቁረዋል። አንዳንዱ ቡናማ ነው፣ አንዳንዱ ጥቁር፣ ማዕዘኑ ላይ አረንጓዴ የያዘም አለ።

ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጀልባዋን ከአባታቸው ነው የወረሷት። ከመኪናው እንደወረዱ መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ሳንቃው አልነበረም።

«ልጄ፣ ናሱን እንደ ጥምቀት መስቀል አብራልኝ።»

«እናየዋለን ጋሼ፤ መጀመሪያ ልፍታውና ልየው» አልኳቸው።

ወዲያው እሺ ያላልኩበት ምክንያት አለኝ። ናስ ሲወለወል የሚነሳው እድፍ ብቻ አይደለም። ጥቁረቱ ራሱ ከናሱ የወጣ ነው፤ መዳቡ ከአየሩና ከእርጥበቱ ጋር ተዋህዶ የሠራው ስስ ልባስ ነው። ልባሱ ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ናስ ይጠብቃል። ሲወለወል ይሄዳል፤ እርቃኑን የቀረው ናስ እንደገና ይጠቁራል፤ እንደገና ይወለወላል። እንዲህ ሲባል ከዓመት ዓመት የሞረድ ዱካው፣ የማዕዘኑ ስለት፣ የተቀረጸ ነገር ካለም ቅርጹ እየሳሳ ይሄዳል። በጣሊያን ጊዜ የፋሲል ግቢን ሕንጻዎች ሲጠግኑ ሲሚንቶ አስገቡባቸው፤ ኋላ የመጣው ጥገና ወደ ኖራው ተመለሰ። ሲሚንቶ በመሮ ተለቅሞ ሊወጣ ይችላል። የተፋቀ ናስን ግን መልሶ የሚያለብሰው የለም። ስለዚህ ማንኛውም ቁራጭ ላይ ጨርቅ ከማሳረፌ በፊት መጠየቅ ያለብኝን ልጠይቅ ብያለሁ።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ነቀላ

ቪቴዎቹ ቀላል አይደሉም። የናስ ቪቴ ከቆየ ይደክማል፤ በጉልበት ከተጠመዘዘ ራሱ ተቀንጥሶ አካሉ እንጨት ውስጥ ይቀራል። የምንሠራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ካቻቪቴው የሚገባበትን ቁርጥ በሹል ሚስማር እየጫርን እስከ ወለሉ እናጸዳለን። ቀጥሎ የጋለ ብረት ራሱ ላይ ጥቂት እናሳርፋለን፤ ናሱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ከእንጨቱ ይላቀቃል። ከዚያ ለመፍታት ሳይሆን ለማጥበቅ ትንሽ እንነካዋለን። «ጭርር» ካለ ተላቋል ማለት ነው፤ አሁን ይፈታል። ረዳቴ እያንዳንዱን ቁራጭ ካርቶን ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ይስላል፤ ቪቴዎቹንም በየቀዳዳቸው ቦታ ይሰካቸዋል። የትኛው ቪቴ ከየት እንደወጣ ማወቅ ኋላ ብዙ ነገር ይናገራል።

ከአሮጌ ስፒከር ያወጣነውን ማግኔት በሁሉም ላይ አሳልፈናል። ናስ ማግኔት አይዘውም። ከሳጥኑ ማጠፊያዎች አንዱ ግን ለጠፍ አለ፤ ብረት ነው፣ ከላይ ብቻ ናስ የተቀባ። ይህ ቢወለወል ቅቡ ተነስቶ ብረቱ ይወጣ ነበር። ኋላ የገባ ምትክ ስለሆነ ወደ ጎን አድርገነዋል፤ በእውነተኛ ናስ ይተካል። ዙሪያውን የነበረው ዋንዛም በብረቱ ምክንያት ጠቁሯል።

የዛሬው ትልቅ ነገር ግን የሳጥኑ እጀታ ነው። እጀታውን ስናነሳው ጠፍጣፋ እግሩ ከእንጨቱ በሚገናኝበት ጠርዝ፣ በቪቴዎቹም ራስ ቁርጥ ውስጥ፣ ነጭ ደረቅ ዱቄት ተጋግሮ አገኘን። በሚስማር ጫፍ ስነካው ይፈረፈራል። ከእግሩ ውጪ ደግሞ እንጨቱ ላይ አንድ ጣት የሚሆን ፈዛዛ ቀለበት ዙሪያውን ይዞታል፤ ቫርኒሹ እዚያ ላይ ብቻ ሳስቷል። ይህ የወልዋይ እጅ ነው። ነጩ ዱቄት ከናስ ማብሪያ የቀረ ነው፤ ጨርቁ ናሱን ሲያሽ ከጠርዙ እያለፈ ቫርኒሹንም አሽቶታል። አንድ ጊዜ ብቻ የተወለወለ ነገር እንዲህ ያለ ቀለበት አያወጣም።

ወዲያው ሌሎቹን በመብራት አየናቸው። ደወሏ በተሰቀለችበት ጆሮ ሥር ያው ነጭ ዱቄት አለ። የገመድ ማሰሪያዎቹ ላይ ምንም የለም፤ በክርናቸው ሥር፣ ገመዱ ሲጠመጠም ያረፈበት ቦታ ግን በራሱ ተልጎ ሰርጉዷል፤ ከበታቹ ደግሞ የሠሪው ሞረድ ዱካ እንዳለ አለ። ሹካዎቹ ላይም ዱቄት የለም። መሪው ላይማ አይጠበቅም።

ለእኔ ጥያቄው እዚህ ላይ ተለወጠ። «ላብራው ወይስ ልተወው» ብሎ ለሁሉም አንድ መልስ መፈለግ አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት ጀልባዋ ሥራ ላይ ሳለች ይሄ ቁራጭ ይወለወል ነበር ወይ ነው። የደወሏ ጥቁረት የአገልግሎት ዘመኗ ምልክት አይደለም፤ በረት አጥር ሥር የቆመችበት ዘመን ምልክት ነው። የገመድ ማሰሪያው ጥቁረት ግን ከሥራ ጋር አብሮ የኖረ ነው።

ያገኘሁትን ሳልነግራቸው ወደ ባለቤቱ ስልክ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አባትዎ ናሱን ይወለውሉት ነበር እንዴ?»

«ደወሉንና የሳጥኑን እጀታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። እኔም በልጅነቴ ጨርቁን ይዤ እወለውል ነበር። የገመዱን ማሰሪያማ ማን ይነካዋል፣ ገመዱ አይደል እንዴ የሚያበራው!»

ቁራጮቹ የተናገሩትና እሳቸው የተናገሩት አንድ ሆነ። በዚህ እጅግ ደስ ብሎኛል።

ከመድኃኔዓለም ማግስት

ትናንት ማኅሌት ላይ ቆሜ ዓይኔ ጸናጽሉ ላይ ነበር። ጎንደር ውስጥ፣ በተለይ የአቋቋሙ መምህራን ባሉበት በበዓታ አካባቢ፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ ጸናጽል ማየት ብርቅ አይደለም። እጀታው መዳፍ በሚይዝበት ወርቅ መስሏል፤ ክፈፉ ከታጠፈበት ውስጥ ያለው ማዕዘን ግን ጥቁር ነው። ማንም ቁጭ ብሎ በዚህ መልክ አልወለወለውም፤ የእጅ ወዝ ነው። ወልዋይ ቢነካው ማዕዘኑንም እጀታውንም እኩል ያበራው ነበር፤ ያን ጊዜ የት እንደሚያዝ የሚናገረው ነገር ይጠፋል። ለገመድ ማሰሪያዎቹና ለሹካዎቹ የምፈልገው መልክ ይሄው ነው፤ ደግሞ በላያቸው ላይ አለ። ልጨምርበት አያስፈልገኝም።

የህዳር ሚካኤል ሰሞን፣ ከውሃ በታች የነበረው

መሪው የተንጠለጠለው በሁለት የናስ ቀለበት ነው፤ አንዱ ከውሃ መስመር በላይ፣ አንዱ በታች። ቀለበቶቹ ውስጥ የሚገቡት ወንዴዎች መሪው ላይ ናቸው፣ ሴቴዎቹ ቀለበቶች ጀልባዋ ላይ። የታችኛው ቀለበት ከጥቁረቱ ሥር ቀላ ያለ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ መልክ አለው። ረዳቴ «ይሄ እንኳ ሲወለወል ያምራል» አለ። እውነቱን ነው፣ ያምር ነበር። አደጋው እዚያ ላይ ነው።

ናስ መዳብና ዚንክ ነው። ዚንኩ ከመቶ 15 በላይ በሆነ ናስ ላይ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲተኛበት ዚንኩ ተመርጦ ይሟሟል፤ መዳቡ በቦታው ይቀራል። ቅርጹ አይለወጥም፣ መጠኑም አይቀንስም፤ ውስጡ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ጉልበቱ ያልቃል። በባሕር ውሃ ይፈጥናል፤ ጣና ጨው የሌለው ውሃ ስለሆነ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ በተለይ እርጥብ እንጨት ሥር ውሃ ተይዞ በሚቆይበት ቦታ። ነሐስ፣ ማለትም መዳብና ቆርቆሮ የሆነው፣ ይህ በሽታ አይነካውም፤ ለዚህ ነው ከውሃ በታች ለሚውል ነገር እሱ የሚመረጠው።

ምርመራው ቀላል ነው። የላይኛውን ቀለበት በክር አንጠልጥለን በእንጨት መዶሻ መታ ስናደርገው ጠርቶ ጮኸ። የታችኛው «ጡብ» ብሎ ዝም አለ። በቢላ ጫፍ ስንፍቀው የላይኛው ወዲያው ጥርት ያለ ቢጫ አሳየ፤ የታችኛው ሮዝ፣ ከዚያም ሮዝ፣ ሞርሳ ላይ ጠበቅ ሲደረግ ጠርዙ ተፈረፈረ። በጎርጎራ በኩል እንቦጩ መሪ ላይ ሲጠመጠም የሚያደርሰው ጫና ቀላል አይደለም፤ ይህ ቀለበት ሐይቁ መሐል ቢሰበር ጀልባዋ መሪ አልባ ትሆናለች። ከአሮጌ ነሐስ ቁራጭ በቶርኖ አዲስ አስወጥተናል፤ ልኩ ከአሮጌው ጋር አንድ ነው። አሮጌውን አልጣልነውም፤ ወረቀት ታስሮለት ካርቶን ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ ከውሃ በታች ለሚውለው ሁሉ ሕጋችን አንድ ሆኗል፦ መታጠብና መመርመር እንጂ መወልወል የለም። የበራ ናስ ሕመሙን ይሸፍናል። ጠቁሮ የሚታየው ግን በየዓመቱ በቢላ ጫፍ ተፍቆ ሁኔታው ይታወቃል።

ያንኑ ሳምንት፣ ቀላ ያለው ማሰሪያ

ከገመድ ማሰሪያዎቹ አንዱ ከወንድሞቹ ይለያል። ሌሎቹ ልሙጥ፣ ማዕዘናቸው እኩል የሆነ፣ የፋብሪካ ሥራ ናቸው። ይሄኛው ሆዱ ላይ የአሸዋ ጉድጓዶች አሉት፤ አንድ ክንፉ ከሌላኛው ትንሽ ይረዝማል፤ የሞረድ ዱካው ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበለ ነው፤ ሠሪው ቁጭ ብሎ ወደ ራሱ እየሳበ እንደሞረደው ያስታውቃል። ቀለሙም ቀላ ይላል።

ከታችኛው ቀለበት በኋላ ቀይ ነገር ስናይ ደንግጠን ነበር። በክር አንጠልጥለን መታነው፤ ጠርቶ ጮኸ። ፍቀን አየነው፤ ሮዝ ሳይሆን እስከ ውስጡ አንድ ዓይነት፣ ወደ ወርቅ የሚያደላ ቀይ ነው። ጤነኛ ነው። እንግዲህ ቀለሙ ከየት መጣ?

ባለቤቱ «አባቴ ከቀለህ ነው ያስቀለጠው ሲባል እሰማለሁ» አሉኝ። ይህ ከናሱ ጠባይ ጋር ይስማማል። የጥይት ቀለህ ናስ ከመቶ 70 መዳብ፣ 30 ዚንክ ነው። ዚንክ 907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል፤ ናስ የሚቀልጠውም እዚያው አካባቢ፣ 900 ተሻግሮ ነው። ስለዚህ አንጥረኛ ቀለህ ባቀለጠ ቁጥር ከዚንኩ ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ ይተናል፤ የሚቀረው መዳብ የበዛበት፣ ቀላ ያለ ናስ ይሆናል። ጎንደር በህዳር 1934 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ መጨረሻ እጁን የሰጠባት ከተማ ናት፤ በዚህ አገር ቀለህ ለአንጥረኛ ብርቅ ዕቃ አልነበረም።

ይህን ማሰሪያ ማንም አይወለውለውም ብዬ ወስኛለሁ። የፋብሪካው ማሰሪያ ላይ የሞረዱ ዱካ ቢጠፋ ሌላ እንደሱ ያለ ይገኛል። የዚህ ሠሪ እጅ ግን ያለው እዚህ ቁራጭ ላይ ብቻ ነው፤ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሥራውን የሚያሳየው እነዚያ ያዘነበሉ ጭረቶች ናቸው። ብርጭቆ ወረቀት በጥቂት ደቂቃ ያጠፋቸዋል።

ህዳር ጽዮን አካባቢ፣ የአፍንጫው ናስ

አፍንጫዋ ላይ የተለበጠው የናስ ቅጠል ሲታጠብ ስንጥቆች አሳየ። ናሱ አልሳሳም፣ አልበሰበሰም፤ ግን የታጠፈበት ክርን ላይ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ወጥተዋል፤ ጥፍር ይይዛቸዋል። ሁሉም ያሉት መታጠፊያው ላይ ነው፤ ቀጥ ባለው ክፍል አንድም የለም።

ይህን ነገር ከዚህ በፊት በጽሑፍ አንብቤው ነበር። እንግሊዞች ሕንድን በያዙበት ዘመን የጥይት ቀለሆች በዝናቡ ወራት ፈረስ በረት ውስጥ ተከማችተው ሲቆዩ ያለ ምንም ምት ይሰነጠቁ ነበር። ምክንያቱ ኋላ ተገኘ፦ ከእንስሳቱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ እርጥበቱ፣ ናሱም ሲበጅ ውስጡ የታፈነው ውጥረት፤ ሦስቱ ሲገናኙ ናስ ይሰነጠቃል። አንዱ ከጎደለ አይሰነጠቅም። ይህች ጀልባ ብዙ ክረምት ከበረት ጎን ቆማለች። ቅጠሉ በቀዝቃዛው ተቀጥቅጦ ታጥፏል፤ ውጥረቱ ውስጡ ነበር። የክረምቱ እርጥበትና የበረቱ ሽታ የቀረውን ጨረሱት። ደወሏና እጀታው ከዚያው ግቢ ውስጥ ሆነው ያልተሰነጠቁት በቅርጽ ውስጥ የፈሰሱ እንጂ በመዶሻ የታጠፉ ስላልሆኑ ነው።

ናስ ለሚወለውል ሰው ሁሉ ይህ ይመለከተዋል፤ በሱቅ ከሚሸጡት የናስ ማብሪያዎች አሞኒያ ያለባቸው አሉ። ክፍት ሲደረግ አፍንጫ የሚመታ ከሆነ የታጠፈ ወይም የተቀጠቀጠ ናስ ላይ አይደርስም። እኛ ሥራ ቤት ለምንም አናስገባውም።

አዲስ ቅጠል ሠርተናል። ከታጠፈ በኋላ ውጥረቱን ለማውጣት 250–300 ዲግሪ ላይ ማቆየት ያስፈልጋል። በየቦታው ጠባብ እሳት ከመለኮስ የሰፈራችን ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ፣ ዳቦው ከወጣ በኋላ፣ እሳቱ ገና እንዳለ አስገብተን እንዲቆይ አደረግነው። እኩል ሙቀት ያለው እሱ ነው። ጋጋሪዎቹ ረድተውናል፤ ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

አዲሱ ቅጠል ሲያበራ ከጠቆሩት አጠገብ ዓይን ይጠልፋል። ረዳቴ «በኬሚካል እናጥቁረው?» አለኝ። አናጠቁረውም። አዲስ ነገር አዲስ ሆኖ ይታይ፤ ጣና ዳር ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፈው በራሱ ይጠቁራል። ያልኖረውን ዕድሜ መቀባት ኋላ ለሚመጣው ጠጋኝ ውሸት ማስቀመጥ ነው።

የበዓታ ሰሞን፣ ሎሚው

ባለቤቱ መጥተው ዋሉ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ደወሏና እጀታው እንደሚወለወሉ ስነግራቸው ፊታቸው በራ፤ ሌሎቹ እንደሚታጠቡ ብቻ ስነግራቸው ግን አልተዋጠላቸውም።

«የቤተ ክርስቲያኑ መስቀል በየዓመቱ በሎሚና በአመድ ይታሽ የለም ወይ? ምን ሆነ?»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የጥምቀት ለት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ መስቀሎቹ ፀሐይ ላይ ሲያበሩ ማየት የማይወድ ጎንደሬ የለም፤ የሚያበሩትም ለዚያ ክብር ነው። መብራታቸው አገልግሎታቸው ነው። እኔ የመለስኩላቸው ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ መስቀሉን የሚያበሩት መስቀሉ ለዚያ ስለተሠራ ነው፤ እንደ ደወልዎ ማለት ነው። ግን በሎሚ ብዙ ዘመን የታሸ የናስ መስቀል ጠጋ ብለው ይዩት፤ መሐሉ ላይ የተቀረጸው ሐረግ ከዳሩ ይልቅ ፈዞ ያገኙታል።» ዝም ብለው አሰቡበት።

ከዚያ በዓይናቸው እንዲያዩት ፈለግሁ። ለመጣል ከተለየ አሮጌ የናስ ቁራጭ ላይ መሐሉን በወረቀት ፕላስተር ከፈልኩት። በአንድ በኩል ሎሚና ጨው፣ በሌላው በኩል በነጠላ ቁራጭ የተነፋ ጠመኔ ከጥቂት ዘይት ጋር። ሎሚው ፈጠነ፤ ጥቁረቱ ዓይናቸው እያየ ሄደ፤ ግን የወጣው መልክ ቢጫ ሳይሆን ወደ ሮዝ ያደላ ነው። አሲዱ ዚንኩን ቀድሞ ስለሚበላ ላዩ ላይ መዳቡ ይበዛል፤ ያ የታችኛው ቀለበት ሕመም በትንሹ ማለት ነው። ጨው ደግሞ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ከቀረ እርጥበት እየሳበ አረንጓዴውን ይመልሰዋል፤ በአሸዋ ጉድጓድ የተሞላው ያ የቀለህ ማሰሪያ በዚህ ቢታሽ ጨው ከሆዱ አይወጣም ነበር። ጠመኔው ዘገምተኛ ነው፤ ትከሻ ይፈልጋል፤ የሚያወጣው መልክ ግን የናሱን የራሱን ቢጫ ነው። አቼቶም የሎሚው ዘመድ ነው፤ ሥራው ያው።

«የአባቴ ማብሪያ እንዲህ ነጭ ነበር» አሉ ጠመኔውን እያዩ።

ደወሏን ራሳቸው ወለወሏት። ወንበር አቅርበንላቸው፣ ጨርቁን ይዘው፣ ከሰዓቱን እዚያው አሳለፉ። ከአፍዋ ጀምረው ወደ ጆሮዋ ሄዱ፤ በጆሮዋ ሥር ያለውን አሮጌ ነጭ ዱቄት ግን እንዲተዉልኝ ጠየቅኋቸው፤ ተዉልኝ። እጀታውንም እንዲሁ፦ ፊቱ ይበራል፣ ከእግሩ ሥር ያለው እንዳለ ይቆያል፣ እንጨቱ ላይ ያለውን ፈዛዛ ቀለበትም በአዲስ ቫርኒሽ አንሸፍነውም፤ ስስ አድርገን ብቻ እናልፍበታለን።

የቀሩት ላይ ያደረግነው ይህ ነው፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ። የተረጨባቸውን አሮጌ ቫርኒሽና ቀለም በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ በራሰ ጨርቅ አነሳን። አረንጓዴውን በእንጨት ስንጥር፣ ከሥሩ ያለውን ጥቁር ልባስ ሳንነካ፣ ፍርፍሩን ብቻ አወጣን፤ ጥቁሩ ልባስ ናሱን ይጠብቃል፣ እየተፈረፈረ የሚወጣው አረንጓዴ ግን እርጥበት ይይዛል፣ መብላቱን ይቀጥላል። የሽቦ ብሩሽ አልገባም። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ታጥበው ፀሐይ ላይ ደረቁ፤ በዚህ ወር የጎንደር ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ለዚህ ሥራ የተሰጠ ነው።

ታኅሣሥ፣ ሰሙ

ልባስ ያስፈልጋል። ላከር የሚሉት ጥርት ያለ ቅብ አለ፤ ሲቀባ ያምራል። ነገር ግን ገመድና እጅ በሚነካው ቦታ ቀድሞ ይላጣል፤ ከተላጠበት ጠርዝ ሥር እርጥበት ይገባና ናሱ ዥንጉርጉር ሆኖ ይጠቁራል፤ ለማንሳትም ጠንካራ ኬሚካል ይፈልጋል። ሰም ይሻለኛል። ሲያልቅ ይታደሳል፣ ሲያስፈልግ በጨርቅ ይነሳል።

የትኛው ሰም የሚለው ላይ ተነጋግረናል። ንብ ሰም በአገራችን ሞልቷል፤ ረዳቴ ጧፍ አቅልጠን እንቀባ ብሎ ነበር። ንብ ሰም ግን በተፈጥሮው ትንሽ አሲድነት አለው፤ መዳብ ባለበት ነገር ላይ ሲቆይ አረንጓዴ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ነጩን የሱቅ ሻማ መረጥን፤ እሱ ፓራፊን ነው። ፈቅፍቀን፣ ከእሳት ርቆ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ውስጥ አቅልጠን፣ በአኳራጅ አሳሳነው። አኳራጅ እሳት ስለሚይዝ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ በር ተከፍቶ ነው የተሠራው። ናሱን ፀሐይ ላይ ሞቅ አድርጎ፣ በስሱ ቀብቶ፣ ሲደርቅ በነጠላ ቁራጭ ማሸት። ጥቁሮቹ ጥልቅ ቡናማ ሆነው ወጡ፤ ገመድ የሰረጎደባቸው ቦታዎችም ከጥቁሩ መሐል ጎልተው ይታያሉ።

ደወሏና እጀታው ላይ ሰም አላደረግንም። ባለቤቱ በየሳምንቱ ሊወለውሏቸው ነው፤ ሰሙ ለምን?

የገና ዋዜማ፣ መልሶ መግጠም

ቪቴዎቹ በየካርቶናቸው ላይ ስለነበሩ መግጠሙ ፈጣን ሆነ። ጤነኞቹ ወደ ቀዳዳቸው ተመልሰዋል፤ ያለቁት በናስ ተተክተዋል እንጂ የብረት ቪቴ አልገባም። ናስና ብረት እርጥብ እንጨት ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚበላው ብረቱ ነው፤ ዋንዛውንም ያጠቁረዋል፤ ማጠፊያው ያሳየን ይህንኑ ነው። በየቪቴው ጫፍ ጥቂት ሰም አስነክተናል፤ ወደፊት የሚፈታው ሰው ይቀለዋል።

አዲሱ የአፍንጫ ቅጠል ገብቷል፤ ያበራል። ባለቤቱ ከሩቅ ሲያዩት ደስ ብሏቸዋል። እንደሚጠቁር ነግሬያቸዋለሁ፤ «ይጥቆር፣ እኔም እስኪጠቁር አየዋለሁ» አሉኝ።

የሚወስዱትን ነገር በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ደወልና እጀታ፦ በደረቅ ጨርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ፤ ሲፈዙ ብቻ በተነፋ ጠመኔ፤ ሎሚ፣ አቼቶና የሚሸት ማብሪያ አይነካቸው። ማሰሪያዎችና ሹካዎች፦ ክረምት ሲወጣ ታጥበው ሰማቸው ይታደስ፤ ሌላ ምንም። የላይኛው የመሪ ቀለበት፦ በዓመት አንድ ጊዜ ተመቶ ድምፁ ይሰማ፣ በቢላ ጫፍ ተፍቆ ይታይ፤ ሮዝ ካሳየ ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ። ጀልባዋ ሐይቁ ዳር ስትቆም ከከብት በረት ትራቅ።

አሮጌው ቀለበት፣ የተሰነጠቀው ቅጠልና ብረቱ ማጠፊያ በካርቶን ሆነው ሳጥኗ ውስጥ ገብተዋል፤ የትኛው ከየት እንደወጣ ተጽፎባቸዋል። ከጥምቀት በኋላ ወደ ጎርጎራ ትሄዳለች። ሳንቃዋ ውሃ ጠጥቶ እስኪያብጥና ክፍተቷ እስኪዘጋ ድረስ ዳር ላይ ታስራ ትቆያለች፤ ያን ጊዜ እኔም እዚያው ነኝ።